ንቦችህ ሰነፎች አይደሉም፤ ልጅ እየዳሩ ነው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሰሜን ሸዋ ነው። መምህር ነኝ፤ ከጎን ንብ አረባለሁ። ሦስት ዘመናዊ ቀፎ አለኝ። መስከረም በገባ ቁጥር ንቦቹ ይወጣሉ። አንዱ ቀፎ ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ መንጋ አወጣ። ማር ስቆርጥ ግን ስድስት ኪሎ እንኳ አልሞላም። ሌላው ቀፎ ደግሞ መጋቢት ላይ ጭራሽ ጥሎኝ ጠፋ። ጀርመን ያለው ወንድሜ፣ ጎረቤቱ ከአንድ ቀፎ 30 ኪሎ እንደሚቆርጥ ይነግረኛል። የእኛ ንብ ሰነፍ ነው እንዴ? የፈረንጅ አውራ ባስመጣስ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልህ። አታስመጣ። ምክንያቱን እደርስበታለሁ። መጀመሪያ «ሰነፍ» የምትለዋን ቃል እናንሳት።

አንድ አባወራ በአንድ ዓመት ሦስት ልጅ ዳረ እንበል። ደግሶ፣ ጥሎሽ ሰጥቶ፣ ጎጆ አስወጥቶ። ኅዳር ላይ ጎተራው ባዶ ሆኖ ብታገኘው ሰነፍ ትለዋለህ? አትለውም። እህሉ የት እንደገባ ታውቃለህ። ያንተ ቀፎም ሦስት መንጋ ሲያወጣ ሦስት ልጅ ነው የዳረው። ችግሩ የድግሱ ወጪ ካንተ ማር መሄዱ ነው።

ማንኛውም ፍጡር የሚያገኘው ምግብ ልክ አለው። ያንኑ ለማደግ፣ በሕይወት ለመቆየትና ለመራባት ያካፍለዋል። ለአንዱ ሲጨምር ከሌላው ይጎድላል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው ተረት ለንብም ይሠራል።

ንብ ላይ ሲደርስ ግን ሒሳቡ ትንሽ ይጠማዘዛል። ሠራተኛዋ ሴት ናት፤ ነገር ግን ልጅ የመውለዱን ሥራ ለአውራዋ ትታለች። (አባቶቻችን «አውራ» ያሏት ወንድ መስላቸው ይሆናል። እናት ናት። ስሙ ስለለመደብኝ እኔም አልተውኩትም።) አውራዋ ደህና አበባ ባለበት ወቅት በቀን 1,500 እንቁላል ብትጥልም የቀፎ ቁጥር አልጨመረም። በሞቱት ሠራተኞች ምትክ ሌላ ተተካ እንጂ። ስለዚህ ቀፎውን በሙሉ እንደ አንዲት ላም ቁጠረው። ማሩ ስቧ ነው። መንጋው ጥጃዋ ነው። ስብ እያጠራቀመች በዓመት ሦስት ጥጃ የምትጥል ላም ካገኘህ ንገረኝ።

አሁን ያንተን መስከረም በቀን በቀን እንቁጠረው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መጩም አደዩም ይፈነዳል። የአበባ ዱቄት በገፍ ይገባል። እጩ ይበዛል፤ ቀፎው ይጠባል። ድንጉሎች፣ ማለትም ወንዶቹ ንቦች፣ ብቅ ብቅ ይላሉ። ከዚያ ፍሬሙን ብድግ ስታደርግ በማር እንጀራው የታችኛው ጠርዝ ላይ ልጡ ያልተላጠ ኦቾሎኒ የሚመስል ነገር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ታያለህ። የአውራ ቤት ነው። እንቁላል ከተጣለበት በ8ኛው ቀን ግድም ይታሸጋል። እሱ በታሸገ ሰሞን፣ ፀሐይ ደመቅ ባለችበት ቀን፣ አሮጊቷ አውራ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሠራተኛ አስከትላ ውልቅ ትላለች።

ልብ በል፤ ቤቱን ለቃ የምትወጣው እናትየው ናት። የተሠራውን ሰፈፍ፣ የተጠራቀመውን ማር፣ የታሸገውን እጭ ሁሉ ለልጇ ትታ። ጣዝማ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የጣዝማ እናት ሆዷ ስለሚከብድ መብረር አይሆንላትም። ስለዚህ ሠራተኞቹ አዲስ ጉድጓድ ፈልገው፣ ከእናት ቤት ሰምና ማር እያመላለሱ ቤቱን ያሰናዳሉ። ሲያልቅ ወጣቷ ትገባለች። እኛ «ጎጆ መውጣት» የምንለው ልክ እሱን ነው።

ወዳንተ ቀፎ እንመለስ። የሚወጡት ንቦች ሆዳቸውን በማር ሞልተው ነው የሚሄዱት። ነገር ግን 10,000 ንብ ብትወጣ እንኳ የያዘችው ማር ተደምሮ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ዋናው ኪሳራህ የወጣው ጉልበት ነው።

መስከረም 20 ወጡ እንበል። ታሽጋ የቀረችው ወጣት አውራ ለመፈልፈል 8 ቀን ያህል ይቀራታል። አውራ ከእንቁላል ጀምሮ 16 ቀን ይበቃታል፤ ሠራተኛ 21፣ ድንጉላ 24 ይፈልጋሉ። ወጣቷ ከተፈለፈለች በኋላ ሰውነቷ እስኪጠና፣ አየር ላይ ወጥታ ከድንጉሎች ጋር እስክትገናኝ፣ ተመልሳ እንቁላል እስክትጀምር ሌላ 10 ቀን ገደማ ጨምር። ከእሷ እንቁላል የመጀመሪያዋ ሠራተኛ እስክትወጣ 3 ሳምንት። ደምረው። ጥቅምት 29 ላይ ትደርሳለህ። ያቺ ሠራተኛ ደግሞ እንደተወለደች አበባ አትቀስምም። ሁለት ሦስት ሳምንት ቤት ውስጥ ታጸዳለች፣ እጭ ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች። ኅዳር አጋማሽ አለፈ። መጩ ደርቋል።

«በመሃል እናትየው የተወችው እጭ አይፈለፈልም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ይፈለፈላል። ያንተ ቀፎ ግን በአንድ መንጋ አላበቃም። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መንጋ ጋር ወጥተዋል። የጎደለውን ማር የበላው በተለይ ይሄ ነው።

ታዲያ የጀርመኑ ንብ አይወጣም? ይወጣል። የፈረንጅ ንብ አናቢ በግንቦትና በሰኔ በየሳምንቱ ቀፎ ከፍቶ የአውራ ቤት ሲፈልግ ነው የሚውለው። ግን የእሱ ንብ ከእኛው ይልቅ ቆጣቢ ነው። ለምን ቆጣቢ ሆነ የሚለውን ለመመለስ፣ ንብን እዚያ ምን ይገድላታል ብለህ ጠይቅ።

አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኢታካ የምትባል ከተማ አካባቢ ቶማስ ሲሊ የተባለ ተመራማሪ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጫካ ውስጥ በዛፍ ግንድ የሚኖሩ የፈረንጅ ንቦችን ተከታትሏል። አዲስ ጎጆ ከወጡት መንጋዎች የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ያለፉት ከአራት አንድ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ቤታቸውን ቀደም ብለው የሞሉት ነባሮቹ ግን ከአምስት አራት ያህሉ ተረፉ። ዋናው ልዩነት ማር ነው። በዚያ ብርድ ንብ ተኮማትራ፣ የክንፍ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች፣ ማር እያነደደች ነው የምትሞቀው። ወራቱን ለማለፍ 20 ኪሎ ማርና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ማር ሳይዝ ልጅ ያበዛ ቀፎ ከነልጁ ይሞታል። ይህ ለሺህ ትውልድ ሲደጋገም ቀፎው ሰፊ፣ ጎተራው ሙሉ፣ ድግሱ ጥቂት የሆነ ንብ ብቻ ቀረ።

አንድ ነገር ደግሞ ወንድምህ የነገረህ አይመስለኝም። ያ ጎረቤት ማሩን ከቆረጠ በኋላ ለንቦቹ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይመልስላቸዋል። ለአንድ ቀፎ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ስኳር ሊሄድ ይችላል። 30 ኪሎ ስትሰማ ይሄንንም ደምረህ ስማው።

እኛ ጋ የሚገድለው ሌላ ነው። ድርቅ አለ። ሰደድ እሳት አለ። ጉንዳን አለ። ሌሊት ችቦ ይዞ የሚመጣ ማር ቆራጭ አለ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ብዙ ማር ስላለህ አይምሩህም። እንዲያውም ማሩ ነው የሚጠራቸው። ነባሩም አዲሱም እኩል የሚሞትበት አገር ላይ ቆጥቦ መቆየት ብዙ አያዋጣም። የሚያዋጣው አበባ ባለ ጊዜ ቶሎ ተራብቶ ልጆችን በየአቅጣጫው መበተን ነው። አንዱ ዛፍ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

የአፍሪካ ንብ ሁለ ነገሯ ለዚህ የተሰፋ ነው። በዱር ስትኖር 20 ሊትር ገደማ የሆነ ጎሬ ይበቃታል፤ የፈረንጇ 40 ሊትር ያህል ትመርጣለች። የእኛዋ ሠራተኛ ከ21 ቀን አንድ ሁለት ቀን ቀድማ ትፈለፈላለች። ሠራተኞቿን ብታያቸው ከፈረንጆቹ ይልቅ ብዙዎቹ እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት ጭነው ነው የሚገቡት። ዱቄት የልጅ ምግብ ነው። ማር የጎተራ ነው። ማን ለምን እንደሚሠራ በር ላይ ቁጭ ብለህ ማየት ትችላለህ።

የፈረንጅ አውራ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ብራዚሎች በ1956 (እ.ኤ.አ.) ካንተ ሐሳብ ተቃራኒውን ሞክረውታል። ዋርዊክ ኬር የተባለ የዘረመል ሊቅ ከአፍሪካ አውራዎች አስመጣ። እዚያ የነበረው የአውሮፓ ንብ በሞቃቱ አገር ብዙም አልተመቸውም ነበርና። በ1957 ጥቂት መንጋዎች አምልጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። በየዓመቱ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየተስፋፉ በ1990 ቴክሳስ ገቡ። በሞቃት አገር ቆጣቢውና ደጋሹ ሲጋጠሙ ማን እንደሚያሸንፍ አንድ አህጉር ሙሉ ታይቷል። አንተ አንዲት አውራ ብታስመጣ ልጆቿ ከአካባቢው ድንጉላ ጋር ይዳቀላሉ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ ገንዘብህ በአየር ላይ ይበተናል። ከእሷ ጋር የሚመጣው በሽታ ግን ይቀራል። የአውሮፓ ንብ አናቢ ቫሮዋ የሚባለውን ቅማል መሳይ ተባይ በየዓመቱ በመድኃኒት ካልተከላከለ ቀፎው ይሞትበታል። ቫሮዋ የሚራባው የታሸገ እጭ ውስጥ ነው። የእኛ ንብ ቶሎ መፈልፈሏና መንጋ ስታወጣ እጭ ማቋረጧ ለተባዩ ምቾት ይነሳዋል። አንተን ያበሳጨህ ጠባይ ለእሷ መድኃኒቷም ጭምር ነው።

የእኛ ንብ ስል ሁሉም አንድ ነው ማለቴ አይደለም። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የአገራችን ተመራማሪዎች አምስት ዓይነት ቆጥረዋል። በ2011 ሌሎች መጥተው አብዛኛው አንድ ራሱን የቻለ ዓይነት ነው፣ «ሲሜንሲስ» ይባል አሉ። ክርክሩ አያስጨንቅህ። ቆላና ደጋ፣ ሰሜንና ደቡብ ምዕራብ ጠባያቸው እንደሚለያይ ግን ያዝ። በሰሜኑ ንብ መንጋ ማብዛቱ ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም፤ መንጋው ራሱ ገበያ ወጥቶ የሚሸጥ ሀብት ነው። አንተም በሒሳብ ብታስበው ሦስት መንጋ ይዘህ ብትሸጥ ከማሩ ሊበልጥብህ ይችላል። ይህን አቅልለህ አትየው።

ወደጠፋው ቀፎ ልለፍ። እሱ ሌላ ታሪክ ነው። መንጋ ማውጣት ልጅ መዳር ከሆነ ይሄ መሰደድ ነው። ጓዙን ጠቅልሎ ሁሉም ይሄዳል።

ከዓመታት በፊት አንድ አባት ዘንድ ሄጄ ነበር። «ዓይን በላብኝ» አሉኝ። ቀፏቸውን ከፈትኩት። ፍሬሙ ሁሉ ባዶ ነው፤ ግን ንጹሕ። አንድ ጠብታ ማር የለም። አንድ የታሸገ እጭ የለም። የሞተ ንብ መሬት ላይ አልወደቀም። «አባባ፣ እነዚህ በድንገት አልሄዱም» አልኳቸው። ሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋጁ ነበር። አበባ ሲጠፋ አውራዋ እንቁላል ታቆማለች። ያለው እጭ እስኪፈለፈል ይጠብቃሉ። የቀረችውን ማር ለመንገድ ይጠጣሉ። ከዚያ ወደ ቆላ ይሁን ወደ ወንዝ ዳር፣ አበባ ወዳለበት ይሄዳሉ። ምንም ሳይያዝ ቁጭ ብሎ ከመራብ የተሻለ ውሳኔ ነው። እሳቸው ማሩን ኅዳር ላይ እስከ መጨረሻዋ እንጀራ ቆርጠውት ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት ሲገጥምህ ግን ማርም እጭም ተትቶ ታገኛለህ። እሱ ሽሽት ነው። ጉንዳን ገብቷል፣ ጭስ በዝቷል፣ ሙቀት መትቷል ወይም ቀፎው አላግባብ ተነካክቷል። ሁለቱ ስደቶች መፍትሔያቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን የሚያስቆመው ምግብ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያስቆመው ጠባቂነት።

ስለ አንዲቷ ንብ ዕድሜ ሳልነግርህ ብቀር ደስ አይለኝም፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነውና። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በር ላይ ቁጭ ብለህ የምትገባውን ሠራተኛ ተመልከት። አሮጊቷን በክንፏ ትለያታለህ። ዳር ዳሩ እንደ አሮጌ ነጠላ ተተርትሯል። ጀርባዋ ፀጉሩ ረግፎ ያብረቀርቃል። በዕድሜዋ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከበረረች በኋላ ነገሯ ያበቃል። የሚያስረጃት የቀን ብዛት ሳይሆን ሥራው ነው። አበባ በበዛበት ወራት አምስት ስድስት ሳምንት ብትቆይ ነው። ብርድ ሊገባ ሲል ጀርመን የተወለደች እህቷ ግን እስከ ስድስት ወር ትኖራለች። እዚያው በአበባ ወራት ከምትወለደው ጋር ዘሯ ያው ነው። የብርድ ወራቷ ልዩነት የምትመግበው እጭ ስለሌላት ነው፤ ቪቴሎጀኒን የሚባለውን ፕሮቲን ለልጅ ከመስጠት ይልቅ በሰውነቷ ስብ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አውራዋ ደግሞ ደንቡን ሁሉ ታፈርሳለች። ቀን ከሌት እየወለደች ዓመታት ትኖራለች። ከሠራተኛዋ ጋር ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው የወጡት፤ የለያቸው በእጭነታቸው የበሉት ነው። ዕዳዋን የሚከፍሉላት ሌሎች ናቸው። እሷ አበባ አትወጣም፣ ወፍ አይበላትም፣ ክንፏ አይተረተርም።

ይሄ ላንተ የሚጠቅምህ እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ማሳ ላይ አበባ ባለበት ቀን ፀረ ተባይ ሲረጭ የሚያልቁት ቀሳሚዎቹ ናቸው። ያኔ ሕፃናቱ ያለ ዕድሜያቸው ይወጣሉ። ያለ ዕድሜዋ የወጣች ንብ ቶሎ ትሞታለች። ውስጥ ያለው እጭ ሞግዚት ያጣል። ከውጭ ስታየው ቀፎው ይሠራል፤ ከውስጥ እየመነመነ ነው። ጎረቤቶችህን ቢያንስ አመሻሽ ላይ እንዲረጩ ለምናቸው።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ከነሐሴ መጨረሻ ጀምረህ በየ7 ቀኑ ክፈት። በየ10 ቀኑ ካልክ አይሠራም፤ የአውራ ቤት በ8 ቀን ይታሸጋል ብያለሁ። ንቦቹ ፍሬሙን ሊሞሉ ሲሉ ላይኛውን ደርብ ጨምር። ቀደም ብለህ ግን አትጨምር። ትንሽ ቤተሰብ ሰፊ ቤት ማሞቅም መጠበቅም አይችልም፤ ባዶውን ሰፈፍ ብል ይበላዋል። የአውራ ቤት እንቁላል ይዞ ካገኘህ ደግሞ አትታገላቸው። በየሳምንቱ እያፈረሱ መቆም አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም፤ አንዷ ታመልጥሃለች። ይልቅ ራስህ ክፈላቸው። አሮጊቷን ከጥቂት ፍሬም ጋር ወደ አዲስ ቀፎ አዙራት። በአሮጌው አንድ ደህና የአውራ ቤት ትተህ ሌላውን አንሳ። አንድ ሠርግ ፈቅደህ ሁለቱን ትሰርዛለህ ማለት ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የማምንበት ይሄንን ነው።

መንጋ ከማያበዛው ቀፎህ አውራ ማርባትም ጥሩ ነው። ግን ቶሎ ውጤት አትጠብቅ። አንዲት አውራ አየር ላይ ከ10 እስከ 20 ከሚሆኑ ድንጉሎች ጋር ትገናኛለች፤ ያ ሁሉ ድንጉላ ያንተ አይሆንም። ከጎረቤት ንብ አርቢዎች ጋር ካልሆነ ብቻህን ብዙ አትገፋም።

ኅዳር ላይ ስትቆርጥ ከእጩ ጎን ያለውን ማር ተውላቸው። የካቲት ሲገባ ስኳር በጥብጥ፤ በሶ ወይም ሽሮ ጨምርላቸው። ውኃ አቅርብ። የመቆሚያውን እግር ዙሪያ አመድ አድርግ።

የጠፋውን ቀፎ ፍሬሞች እንዳልጣልካቸው ተስፋ አለኝ። ብርሃን ላይ አውጥተህ እያቸው። ማር ቀርቷል? የታሸገ እጭ ደርቆ ቀርቷል? ወይስ ንጹሕ ነው? እሱን ጻፍልኝና ስለዚያኛው ቀፎ ለብቻው እንነጋገራለን።